ክንድ ላይ የሚታሰረው ሜትር ውፍረትን ለምን አያይም?

ጽጽቃ ገበያ መሐል ቆሞ ስለ ሕፃናት ውፍረት ላስተምር የሚል ሰው ቢመጣ የሚሰማው አያገኝም፤ ቢስቁበትም አይፈረድባቸውም። ጽጽቃ በአማራ ክልል፣ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የዝቋላ ወረዳ ከተማ ናት። የ2015 ክረምት ሳይዘንብ ቀርቶ በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና ዝቋላ፣ ሰሃላና አበርገሌ ከዜና አልወረዱም ነበር። የብሔረሰብ አስተዳደሩ ዋና ከተማ ሰቆጣም ብትሆን ስሟ በአገር ደረጃ የተጠራው ከጥጋብ ጋር አይደለም። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 አጠፋለሁ ብሎ ሲነሣ፣ ውጥኑን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው።

ቁጥሩም የሚለው ይህንኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶ 38ቱ የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ያጠሩ ነበሩ፤ ለቁመታቸው ከሚገባው በላይ የከበዱት ግን ከመቶ 1 ብቻ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ መቀንጨሩ 37፣ ከመጠን ያለፈው ክብደት 2 ሆነ። አማራ ክልልን ለብቻ ብናየው በእነዚሁ ሁለት ዳሰሳዎች መቀንጨሩ ከ46 ወደ 41 ወርዷል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ማንንም በውፍረት ላስደነግጥ አልተነሣሁም። የተነሣሁት ለአንድ ነገር ነው፤ ያ «ከመቶ 2» የሚባለው ቁጥር እንዴት ተለክቶ እንደሚገኝ የተረዳ ሰው፣ የቀነጨረ ልጅና የወፈረ ልጅ ሁልጊዜ ሁለት ልጆች እንዳልሆኑ ያያል። አንዳንዴ ያው አንድ ልጅ ነው።

ከሜትሩ እንጀምር። ዋግ ውስጥ ልጅ ያሳደገች እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከቦርሳዋ አውጥታ በልጁ ግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መካከል የምትጠመጥማት ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ናት። ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ቀይ፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። «የኔ ቢጫ ነው አሉኝ»፣ «የእሷ ወደ አረንጓዴ ወጣችላት» ሲባል መንደር ውስጥ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም። የጥብጣቧ ብልሃት ዕድሜ አለመጠየቋ ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት የልጅ ቁመት ከግማሽ በላይ ሲጨምር የክንዱ ዙሪያ ግን የሚጨምረው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የልደት ቀኑ ባይታወቅም አንዱ መስመር ለሁሉም ይሠራል። ከቆዳ ሥር ያለው ሥጋና ስብ ሲያልቅ ክንዱ ይቀጥናል፤ ቀዩ ላይ የደረሰ ልጅ ለሞት የቀረበ ነውና በዚያው ቀን ሕክምና እንዲጀምር ይደረጋል። ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለ ርካሽ መሣሪያ ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን ከአረንጓዴው በላይ ሌላ ቀለም የላትም። ክንዱ 14 ሳንቲ ሜትር የሆነውም፣ 20 የሆነውም እኩል «አረንጓዴ» ነው። ጥብጣቧ የምትመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ልጅ በረሃብ አደጋ ላይ ነው ወይስ አይደለም? ከዚያ ያለፈ ነገር ብትጠይቃት ዝም ናት።

ጤና ኬላ ውስጥ ሁለተኛው መሣሪያ የሚንጠለጠለው ሚዛን ነው። ልጁ እግሮቹን ሱሪ በሚመስለው ከረጢት አሾልኮ ይንጠለጠላል፤ ያለቅሳል፤ መርፌው እስኪረጋ ይጠበቃል፤ ከዚያ ክብደቱ በዕድሜው ትይዩ ካርዱ ላይ ነጥብ ሆኖ ይገባል። ነጥቡ መስመሩን ተከትሎ እየወጣ ከሆነ «ጥሩ ነው እናቴ፣ በርቺ» ይባላል። በእርግጥ ይህ ወርሃዊ ክትትል በዋናነት ከሁለት ዓመት በታች ላሉት የታሰበ ነው፤ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ብዙውን ጊዜ ሚዛን የሚያየው ሲታመም ነው። ካርዱም ቢሆን ክብደትን ከዕድሜ ጋር እንጂ ከቁመት ጋር አያገናኝም።

ይህ ለምን አይበቃም? ሁለት ወንድ ልጆች እናስብ። ሁለቱም ልክ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም 17 ኪሎ ይመዝናሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት 16.3 ኪሎ ስለሆነ ሁለቱም ካርዱ ላይ ያማረ ቦታ ይይዛሉ። ቁመታቸው ሲለካ ግን አንዱ 103 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 94 ሆነ። 103 ለዚያ ዕድሜ መካከለኛ ቁመት ነው። 94 ደግሞ ከመቀንጨር መስመር በታች ነው።

አሁን ስሌቱ። ክብደትን በኪሎ ይዞ፣ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝቶ ማካፈል ነው። የመጀመሪያው ልጅ፦ 1.03 በ1.03 ሲባዛ 1.06 ይሆናል፤ 17 ለ1.06 ሲካፈል ወደ 16። ሁለተኛው፦ 0.94 በ0.94 ሲባዛ 0.88፤ 17 ሲካፈልበት ከ19 በላይ። ለአራት ዓመት ወንድ ልጅ ከመጠን ያለፈ ክብደት የሚጀምርበት መስመር 18.2 ነው። ስለዚህ አንደኛው ደኅና ልጅ ነው። ሁለተኛው የቀነጨረም፣ ለቁመቱ የወፈረም ነው፤ ክንዱ አረንጓዴ፣ ካርዱ «ጥሩ»፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ማሻአላህ» ወይም «እግዚአብሔር ያሳድገው» እያለው።

የአበርገሌ ፍየል ነጋዴ ይህን ጨዋታ ሳይማር ያውቀዋል። ፍየሏን አንሥቶ ክብደቷን ብቻ ገምቶ አይገዛም፤ እጁን ወገቧ ላይ አኑሮ በአጥንቷ ልክ ምን ያህል ሥጋ እንዳለ ይዳስሳል። ቁመት የሌለበት ክብደት ከአጥንቱ መጠን ጋር ያልተገናኘ ክብደት ነው።

መስመሩ ከየት መጣ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ የእናት ጡት የጠቡ፣ እናቶቻቸው የማያጨሱ፣ ኑሯቸው እድገታቸውን ያላሰናከለባቸው ከ8 ሺህ በላይ ሕፃናትን አስለካ። ውጤቱ ሚያዝያ 1998 ዓ.ም. ታተመ። ትልቁ ነገር የስድስቱ አገር ሕፃናት እድገት እጅግ የተቀራረበ ሆኖ መገኘቱ ነው። «የእኛ ዘር አጭር ነው» የሚለው ማመካኛ ለአዋቂ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን ብዙም አይሠራም። ከእነዚያ ጤነኛ ሕፃናት መካከል ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ የሚያልፉት መስመር ላይ «ከመጠን ያለፈ ክብደት» ይባላል፤ ከሺህ አንድ ያህሉ ብቻ የሚያልፉት ላይ ደግሞ «ከልክ ያለፈ ውፍረት»።

ስለዚህ የነገሩ ቁልፍ ቁመት ነው፤ ቁመት ደግሞ ከክብደት ይልቅ ለመለካት ያስቸግራል። የእንጨቱ መለኪያ ሰሌዳ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዷ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ይዛ ተረከዙ ሰሌዳውን እንዲነካ ታደርጋለች፤ ሌላዋ አገጩን ደግፋ ዓይኑ ፊት ለፊት እንዲያይ ታስተካክልና ተንሸራታቹን ጸጉሩን እስኪጫን ታወርዳለች። ሽሩባ ወይም ቁንጮ ካለ አንድ ሳንቲ ሜትር በነፃ ይጨመራል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተኝቶ፣ ከዚያ በላይ ያለ ቆሞ ይለካል፤ ያው ልጅ ተኝቶ ሲለካ ከቆመበት በ0.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ሠንጠረዡ ይህንን ያስተካክላል። እንግዲህ ብቻዋን ሆና ደጅ ላይ ሠላሳ እናት የሚጠብቃት ባለሙያ ሰሌዳውን ጥግ አስደግፋ ጥብጣቧን ብታነሣ ማን ይፈርድባታል?

ሌላው ዓይን የሚያሳስተው ነገር የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ የሚነሣው በዚህ ነው።

«ኧረ ይሄ ልጅ ምን ነካው? ጉንጩ እኮ ጠፋ!» ትላለች አያት።

«እማዬ፣ ይበላል እኮ። ሲሮጥ ነው የሚውለው።»

«ዓይን ነው። ዓይን በልቶት ነው። በይ ቅቤ ጨምሪበት።»

ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ስብ ያጠራቅማል፤ በስድስት ወሩ አካባቢ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ያንኑ ስሌት ብንሠራው የወንድ ልጅ መካከለኛ ቁጥር በ6 ወር 17.3፣ በአንድ ዓመት 16.8፣ በሦስት ዓመት 15.6፣ በአምስት ዓመት 15.2 ነው። ማለትም ጤነኛ ልጅ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ በቁመቱ ልክ እየቀጠነ ይሄዳል። ጉንጩ የሚጠፋው፣ ሆዱ የሚገባው፣ ጎድኑ ሲታጠብ የሚቆጠረው ስለዚህ ነው። ዓይንም ቡዳም የለበትም። ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ ቁጥሩ ተመልሶ መውጣት ይጀምራል። ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ሮላን ካሼራና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት ይህ መመለሻ ከአምስት ዓመት ተኩል በፊት የመጣባቸው ልጆች በኋላ የመወፈር ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። የአያት ቅቤ የሚያፋጥነው ይህንን መመለሻ ሊሆን ይችላል።

ይህን ስል ግን በዋግ ላይ ሆኜ መሆኑን አልረሳም። እዚህ ልጅ ከሳ ሲባል እውነት ከስቶም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ያቺው ጥብጣብ ናት፤ አረንጓዴ ከሆነና እየተጫወተ፣ እየረዘመ ከሆነ ቅጥነቱ የዕድሜው ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ፣ ወይም እግሩ ካበጠ፣ ክርክሩ ቀርቶ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። እግሩ ያበጠ ልጅ «ወፍሮ» ሊመስል ይችላል፤ ያ እብጠት ውኃ ነው፣ የከባድ ምግብ እጥረት ምልክት።

አጭር ልጅ ለምን ለውፍረት ይቀርባል? አንዱ መልስ ከሂሳቡ ይመጣል፤ ቁመት ሲያንስ ትንሽ ክብደት ይበቃል። ሌላው ግን ከእናት ማህፀን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት ሆላንድ በጀርመን ጦር ተከባ በረሃብ ተመታች። በዚያ ወቅት የተፀነሱትና የተወለዱት ወንዶች 19 ዓመት ሲሞላቸው ለውትድርና ተለኩ። ረሃቡ በእናታቸው እርግዝና የመጀመሪያ አጋማሽ የደረሰባቸው ላይ ውፍረት በዝቶ ተገኘ፤ በእርግዝናው መጨረሻና ከተወለዱ በኋላ ባሉት ወራት የደረሰባቸው ላይ ግን አነሰ። ጽንሱ ገና ሲሠራ «የሚጠብቀኝ ዓለም ጥቂት ምግብ ነው ያለው» ብሎ ራሱን ያሰናዳ ይመስላል። ብራዚል ሳኦ ፓውሎ ውስጥ በድሃ ሰፈሮች የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ደግሞ የቀነጨሩ ልጆች ሰውነት በዕረፍት ጊዜ ስብ የሚያቃጥለው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን መሆኑን አገኘ። ያልተቃጠለው ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ግን የሚታየው ምግቡ ሲመጣ ነው፤ ዝቋላ ገጠር ውስጥ ሊያጠራቅመው የሚችለው ትርፍ የሌለው ልጅ ቀንጭሮ፣ ቀጥኖ ይቀራል። ጉዳዩ የሚለወጠው ቤተሰቡ ወደ ሰቆጣ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ወይም መንገዱ መጥቶ ሱቁን ወደ መንደሩ ሲያመጣ ነው። ሱቅ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚደርሰው እንቁላል አይደለም። ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ፣ ስኳርና የፓልም ዘይት ነው። እነዚህ ክብደት ይጨምራሉ፤ ለቁመት የሚያስፈልገውን ግን አያመጡም። አጥንት የሚያስረዝመው ጥሩ ፕሮቲን፣ ዚንክና ሌላውም ንጥረ ነገር ነው፤ እሱም ያለው ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣና ጥራጥሬ ውስጥ ነው።

አንድ የሻይ ብርጭቆ ልውሰድ። የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም፣ 16 ካሎሪ ነው። ልጁ ጠዋት በዳቦ፣ ቀን ከእናቱ ጋር፣ ማታ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ፣ ሦስት ሦስት ማንኪያ ያለበት ሻይ ቢጠጣ 36 ግራም ስኳር፣ 144 ካሎሪ ወሰደ። የአራት ዓመት ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ወደ 1,300 ካሎሪ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የስኳር ጣሪያ የዚህ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 32 ግራም ገደማ ነው። ጣሪያው ታለፈ፤ ማንም «ጣፋጭ በላ» አላለም። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳም ብቻውን እዚያው ጣሪያ አካባቢ ይደርሳል። ሻዩ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ደግሞ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል፤ ስለዚህ ያወፍራልም፣ ለደም ማነስም ያጋልጣል።

ስለ አብሽ ሁሌም እጠየቃለሁ። «አብሽ ያወፍራል» ይባላል፤ የሚያወፍረው ከአብሹ ጋር የሚበጠበጠው ስኳርና ማር ነው።

ጉርሻም ወደዚህ ጉዳይ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ለሦስት ዓመትና ለአምስት ዓመት ልጆች መኮሮኒ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ ሳህን አቀረበ። የሦስት ዓመቶቹ ሳህኑ ምንም ያህል ቢሆን የሚበሉት ያው ነበር። የአምስት ዓመቶቹ ሳህኑ ሲተልቅ አብዝተው በሉ። ትንሹ ልጅ ከሆዱ ይሰማል፤ ትልቁ ከዓይኑ መስማት ጀምሯል። እና አጎት፣ አክስት፣ አያት በየተራ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እያሉ ሲያጎርሱት፣ ልጁ «ጠገብኩ» የሚለውን የሆዱን ድምፅ ችላ ማለት ይለምዳል። ጉርሻ ይቅር አልልም፤ ጉርሻ ከሌለ ማዕዱ ምን ሊሆን ነው? ልጁ አፉን ሲዘጋ ግን እጅ ይመለስ።

እንቅስቃሴው ላይ ገጠሩ ከተማውን ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች በቀን 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ስልክና ቴሌቪዥን ቢበዛ አንድ ሰዓት፣ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ሲል መከረ። ዝቋላ ግልገል ሲያባርር የሚውለው ልጅ የመጀመሪያውን ሳያስበው ይሞላል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስልክ ይዞ የሚውለው የአጎቱ ልጅ ነው የሚያሳስበው።

አሁን ወደዚያ 17 ኪሎ፣ 94 ሳንቲ ሜትር ወደሆነው ልጅ እንመለስ። እናቱ ይህን ብትሰማ የመጀመሪያ ሐሳቧ ምግቡን መቀነስ ይሆናል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ልጁ ወፍሯል እንጂ አልጠገበም፣ አጥንቱ ገና ተርቧል። የሚነሣው ስኳሩ፣ ለስላሳው፣ ብስኩቱ ነው፤ የሚገባው እንቁላሉ፣ የፍየል ወተቱ፣ ባቄላውና ምስሩ፣ ሲገኝም ከተከዜ ግድብ የሚወጣው ዓሣ ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም ባይኖርበትም በጾም ወራት ድስቱ እንዳይነካ ሲባል እንቁላሉ ይቀራል፤ ለልጁ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት ለይቶ ማስቀመጥ ይህንን ይፈታዋል። ክትትሉ ደግሞ በጤና ባለሙያ ይሁን።

እንዲህ ከተደረገ ልጁ ኪሎ መቀነስ አያስፈልገውም። አምስት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ 100 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ክብደቱ እዚያው 17 ላይ ቢቆይ፣ አንድ በአንድ አንድ ነውና ቁጥሩ 17 ይሆናል፤ በዚያ ዕድሜ መስመሩ 18.3 ነው፣ ከሱ በታች ወርዷል። እንደ ሌሎቹ ልጆች 2 ኪሎ ቢጨምር ግን ቁጥሩ 19 ሆኖ ካለበት ፈቀቅ አላለም። ይህን ለማወቅ ሚዛኑ ላይ ሰሌዳው መጨመር አለበት፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያ የሄደች እናት ኪሎው ሲነገራት «ቁመቱስ ስንት ነው?» ብላ ትጠይቅ።